ፋኖሱን ስሸፍነው

የሐረር ጀጎል በር ጠባቂ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከገበያተኛ ጋር ስጨቃጨቅ እውልና፣ ማታ ቁልፉን ለገዢው ግቢ አስረክቤ ግንቡ ላይ እወጣለሁ። ያ ሁሉ ኮከብ መፈጠሬንም አያውቅም፤ ልቤ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

አንድ ምሽት ሸማኔው ዐብዱልገኒ ከውጭ በሩን ደበደበ።

«ጌታዬ፣ ይክፈቱልኝ! ወላሂ፣ የሚከተለኝ ነገር አለ!»

«ቁልፉ ግቢ ገብቷል። እዚያው እደር!»

ጅብ እንደሆነ ለማየት ፋኖሴን ከፍ አደረግሁ። የጅብ ዓይን ብርሃን ሲያገኘው ያበራል፤ ፋኖሱን ሲሸፍኑት ይጠፋል። ሜዳው ላይ ግን አንድም ዓይን አላበራም።

«ምንም የለም፤ ውሸታም!» ብዬ ፋኖሱን በጋቢዬ ሸፈንኩት።

ከዋክብቱ በሙሉ ጠፉ።

ገለጥኩት። ጥንድ ጥንድ ሆነው አበሩ፤ ከቅድሙ ዝቅ ብለዋል።