ከሁለተኛው ደወል በኋላ

የደብሩ ሽማግሌ ሚስተር ሃግቤን የደወሉን ገመድ ከግድግዳው ፈትተው ለአዲሱ ቄስ አቀበሉት።

"እንግዲህ መምህር፣ ይጎትቱ። እኔ አላግዝዎትም፤ ወጉ አይፈቅድም።"

ቄስ ቲልያርድ ወጉን ያውቀዋል። አዲስ ቄስ ደብር ሲረከብ ደወሉን በገዛ እጁ ይደውላል፤ ምእመናኑ ደጅ ቆመው ይቆጥራሉ። የደወለውን ያህል ዓመት አብሯቸው ይኖራል። ያለፈው ቄስ አንዴ ደውሎ በዓመቱ ሄደ። የደብሩ ቄስ የትምህርት ቤቱም መምህር ስለሆነ ትምህርት ቤቱ አብሮ ተዘጋ።

ሁለት ጊዜ ብቻ ሊደውል ለሚስቱ ለሄስተር ቃል ገብቶላታል። የዚህ ረግረግ እርጥበት ለሳንባዋ አይሆንም፤ ሐኪሙ "ሁለት ክረምት ትችለው ይሆናል፤ ከዚያ በላይ እንጃ" ብሏል። የመጻሕፍት ሣጥኖቻቸውን እንኳ አልከፈቱም።

"ብዙ ሰው መጥቷል?" አለ ቄሱ።

"ያልመጣ የለም። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ጥሎ መጥቷል። ከአንድ በላይ ከደወሉ ቢራ ሊያጠጣኝ ተወራርደናል።"

ጎተተ። ደወሉ ከላይ አስተጋባ። "አንድ" አለ ሕዝቡ ከበሩ ውጭ።

ደገመው። "ሁለት" አሉ፤ ይሄኛው ጎላ ብሎ ተሰማ።

ገመዱን ላላ አደረገው። ውጭ ያለው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

"ቢራዬን አግኝቻለሁ" አሉ ሃግቤን። ግን አልሳቁም።

ከበሩ ሥር የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። "በቃ? ትልቁ ልጄ ንባብ ሳይለይ ያኛው ሄደ። ትንሿ ስትጀምር ደግሞ ይሄኛው ይሄዳል።"

"ዝም በይ፣ ይሰሙሻል" አላት አጠገቧ የቆመ ሰው።

"ይስሙኛ። ያኛውም ሰምቶ ነው የሄደው።"

ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ቄስ ቲልያርድ በመምህርነት ዘመኑ አንድ ነገር አልሆንልህ ብሎት ኖሯል፤ ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉ ጸጥ ሲልበት መታገሥ አይችልም፤ መልሱን ራሱ ይናገረዋል። አሁንም እጆቹ ወደ ላይ ተዘረጉ።

"ሦስት" አለ ሕዝቡ፤ ከመሐል አንዱ አጨበጨበ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ያው ጸጥታ ተመልሶ ይመጣል፤ ቄሱም መልሶ ይሞላዋል። የት ላይ እንደሚቆም ጠፋው።

"ኧረ መምህር፣ ይብቃዎት" አሉ ሃግቤን በመጨረሻ እየሳቁ። "እዚሁ ሊቀብሩን ነው እንዴ?"

በሩ ሲከፈት ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት እጁ ጨበጠው። ያቺ ሴት ትንሿን ልጇን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ "ይቺ ናት" አለችው።

ሄስተር ከሰዉ ኋላ፣ ከመቃብሮቹ አጠገብ ቆማ ነበር። መሐረቧን ከአፏ አላነሳችም። ሲጠጋት በነፃው እጇ ከትከሻው ላይ የገመዱን ብናኝ አራገፈችለት።

"ቆጥረሽ ነበር?" አላት።

"እስከ ሁለት ድረስ" አለች። ክንዷን በክንዱ አሳልፋ፣ ከረግረጉ በሚነሳው ጭጋግ ውስጥ ወደ ቤት ይዛው ሄደች።