ጥቅም ያለው ይውጣ

«ዋጋውን ለጊዜው ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ጸሐፊዋ። «ነገ ከኩባንያው ጋር ተጣልተን እንለቃለን ብንል፣ ዕቃችንን ይዘን ነው የምንወጣው ወይስ ባዶ እጃችንን?»

ቴክኒሻኑ ወረቀቱን ገለበጠ። ቅጥነቱ ላይ ሥራው ተጨምሮ ሁሉም ሽቦ ነው የሚሉት። «የመጀመሪያው ኩባንያ ስለ መውጣት ትንፍሽ አላለም፣ እትዬ። ሁለተኛው በአሥራ አምስት ቀን ሁሉንም አስረክባለሁ ይላል። ግን ማሽኖቹ አርጅተዋል። አንዱ ታሞ ቢተኛ የሚተካው የለም።»

«ማርጀት ምን ነውር አለው?» አለ ባለ ማተሚያ ቤቱ። «የእኔ ማተሚያ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በሥራም እንደዚያው።»

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለችው ክፍል ከአምስት ወንበር በላይ አትችልም። ሰፈሩ ኢንተርኔቱን ራሱ ዘርግቶ፣ በማኅበር ራሱ ማስተዳደር ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። የአባላቱ ኢሜይልና ሰነድ የተቀመጠበት ድርጅት ሊዘጋ ስለሆነ ዛሬ ሌላ የሰርቨር አከራይ መመረጥ አለበት። ሽቦና የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆኑት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር የመጀመሪያውን ኩባንያ ይዘዋል። ጸሐፊዋና ባለ ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛውን። ፋርማሲስቷ እስካሁን መሐል ሰፋሪ ነበረች።

«ሰው ቤት ሲከራይ አወጣጡንም ያያል» አለች አሁን። «እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።»

ሦስት ለሁለት።

ጸሐፊዋ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። በሆዷ የያዘችው ግን የመጀመሪያው ኩባንያ ውል ስድስተኛ ገጽ ላይ ነው፦ ዘጠና ቀን ያልተከፈተ የመልእክት ሳጥን አይዛወርም፤ ይሰረዛል።

ታናሽ ወንድሟ ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ሳጥኑን ከፍታ አታውቅም፤ የይለፍ ቃሉንም አልፈለገችም። የማኅበሩን ወርኃዊ ማስታወቂያ ለአርባ ስድስቱ አባላት ስትልክ ግን ለእሱም ይሄዳል። ተቀባይ ሲጠፋ ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል። የእሱ ተመልሶ አያውቅም። ሽቦን ብትጠይቀው የሳጥኑን ቅጂ ያወጣላት ነበር፤ እሷ የፈለገችው ቅጂ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ድምፅ ልንሰጥ ነው። እንደ ደንባችን፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ይናገር፤ ተናግሮም ይውጣ።»

«እኔ ዛሬ ንጹሕ ነኝ!» አለ ባለ ማተሚያ ቤቱ እጁን ዘርግቶ። «ወረቀት ከእኔ ሱቅ ይገዛ ባልኩ ጊዜ ይህን ደንብ ጽፋ ደጅ ያስቆመችኝ እሷ ነች።»

ሳቁ። እሷም ልትስቅ ሞከረች። ያኔ ስትጽፈው ጥቅም ሲባል የታያት የሱቅ ወረቀት ብቻ ነበር። ብትወጣ ሁለት ለሁለት ይሆናል፤ ድምፅ እኩል ሲከፈል ደግሞ የሊቀመንበሩ ወገን ያሸንፋል። ይህንንም የጻፈችው እሷ ነች።

ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ አለኝ።»

«ምን አልሽ?» ፋርማሲስቷ ደነገጠች። «ኩባንያው ውስጥ የምታውቂው ሰው አለ?»

«የለም። ከአባላቱ ሳጥኖች የማይከፈት አንድ አለ። ሁለተኛውን ብንመርጥ ይተርፋል።»

የማን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ከታች የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ» አለ ባለ ማተሚያ ቤቱ፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። «ደንቡ ይህን አይልም።»

«ይላል» ብላ ወጣች።

ሲጠሯት ሊቀመንበሩ ቀና ብለው አላዩአትም። «የመጀመሪያው ሆኗል» አሉ። ተቀመጠችና ውሳኔውን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች፤ መስመሯን ሳትለቅ፣ ሳትሰርዝ። ባለ ማተሚያ ቤቱ ሲወጣ ትከሻዋን ጫን አድርጎ አለፈ።

ሽቦ ኬብሉን እየጠቀለለ ወደኋላ ቀረ።

«እትዬ፣ የወሩን ማስታወቂያ ከእንግዲህ እኔ ብልከው ምን ይመስልሻል?»

እሱ ከላከው፣ የሚመለሰውም ወደ እሱ ነው። ቀና ብላ አየችው። የአባላቱን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ነው፤ የሞተን ሰው ስም መሰረዝም የእሱ ሥራ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ አልሰረዘውም።

«የጸሐፊ ሥራ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ስትልኪ አጠገብሽ ልሁን።»

«ሥራ የለህም አንተ?»

«ሞልቷል። መቼ ነው የምትልኪው?»

«የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ በአራት ሰዓት።»

ሁለት ስልክ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ሽቦ ብዕሯን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና፣ መዳፉ ላይ ጻፈው።