ከምንጣፉ ሥር

«አንተ ስትወጣ ወንድ ይገባል፤ ኮቴውን እሰማለሁ» አሉት እናቱ። እግራቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ከያዙ ጀምሮ የምታጥባቸውም የምታጎርሳቸውም ሚስቱ ትርሲት ነበረች።

ሳሎኑን ሙሉ አዲስ ምንጣፍ አነጠፈ። ከሥሩ እንደ ጨርቅ የሚጠቀለል ስስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መዘርጋቱን ለማንም አልተናገረም። የሰው እግር ሲያርፍበት ስልኩ ላይ ያሳየዋል።

በማግስቱ ቢሮ ሳለ፣ የአንድ ሰው ኮቴ ሳሎኑን አቋርጦ ወደ እሱና ሚስቱ መኝታ ቤት ሲያመራ አየ። ወዲያው ትርሲት ጋ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«ገበያ ነኝ፤ ለእማማ ብርቱካን እየገዛሁ።»

«ውሸታም። ዛሬ ከነውሽማሽ አገኝሻለሁ።»

ቤቱ ቅርብ ስለነበር ሮጦ ደረሰ። የመኝታ ቤቱን በር በርግዶ ሲገባ፣ እናቱ በሁለት እግራቸው ቆመው አንድ የማያውቀውን የወንድ ሸሚዝ ከትርሲት ትራስ ሥር እየከተቱ ነበር።