ፊደል አልቆጠረችም የተባለችው ብርነሽ እና የማዳም ኮምፒውተር

«እንዳትነኪው! እጅሽን አንሺ!»

ማዳም ጮኸች...

ብርነሽ የአቧራ ጨርቋን እንደያዘች ክው አለች።

ዱባይ አጠገብ፣ ሻርጃ ነው፤ ብርነሽ የቤት ሠራተኛ ናት። ኮሮና ሁሉንም ቤት የዘጋበት ጊዜ።

የማዳም ልጅ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ከቤት ሆና በኮምፒውተር ልትፈተን ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል። ካመለጣት ክፍል ትደግማለች።

ኮምፒውተሩ ደግሞ አመል አውጥቷል... ሪስታርት በተደረገ፣ ማለትም ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ኔትወርኩ ድርግም! የፈተናው ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ካልተደረገ አይከፈትም።

ማዳም የደወለችለት ቴክኒሻን በስልክ እየመራ ደክሞ ኔትወርኩን ይመልሰዋል፤ ሪስታርት ሲደረግ ያው ነው።

«አንቺ ነሽ ስትወለውዪ ያበላሸሽው! ኸላስ፣ በቃ! ነገ ወዳመጣሽ ኤጀንሲ ትመለሻለሽ!»

ብርነሽ ችግሩ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምታለች። ግን እንዴት ትናገር?

ከአገር ስትወጣ ደላላው መክሯት ነበር... «ማዳሞቹ የተማረች አትታዘዝም ይላሉ። ፊደል አልቆጠርኩም በዪ!»

እሷም አለች። ወልዲያ ሦስት ዓመት ለፍታ ያገኘችውን የኔትወርክ ዲፕሎማ ዋጥ አድርጋ ዝም።

አሁን ብትናገር ውሸታም ናት፤ ዝም ብትል ጥፋተኛ። ሁለቱም የሚወስዳት ወደ ኤጀንሲ ነው።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች... ብርነሽ አላስቻላትም።

«ማዳም፣ አንዴ ልየው። ዋላሂ አላበላሸውም።»

ቁጭ ብላ ሴቲንጉን ከፈተች። ሲገርም... ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮት መነሳት ያለበት የኔትወርክ አገልግሎት «ሲታዘዝ ብቻ ይነሳ» ተብሎ ተቀምጧል። «በራሱ ይነሳ» ወደሚለው ቀይራ አስነሳችው።

ኔትወርኩ መጣ። ማዳም እፎይ ልትል ስትል... ብርነሽ ሪስታርት ተጫነች!

«አበድሽ?! ስድስት ደቂቃ ነው የቀረው!»

ስክሪኑ ጠቆረ... ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ...

በራ። ኔትወርኩም ከች አለ! ልጅቷ እየዘለለች ፈተናዋ ውስጥ ገባች።

«የት ተምረሽ ነው?» አለች ማዳም።

ብርነሽ እውነቱን ዘረገፈችው።

ማዳም ስልኳን አንስታ ደወለች። ብርነሽ በልቧ ሻንጣዋን ሸከፈች።

ለካ ማዳም አስተማሪ ናት፤ የደወለችውም ለትምህርት ቤቷ ነበር። «ኮምፒውተር ያስቸገራቸው ልጆች ቤት የሚደውል ሰው አገኘሁ። እኔው ቤት ነው ያለችው!»

በየቤቱ ከልጆቹ ጎን የተቀመጡት እነማን ይመስሏችኋል? በቤት ሠራተኝነት የሄዱት የእኛው እህቶች! ብርነሽ በአማርኛ «ይኼን ክፈቺ፣ ያንን ተጫኚ» እያለች በሳምንት ውስጥ ሁሉንም አስገባቻቸው። ዛሬ የዚያ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት።

«የገጹ አድሚን፣ አንቺ በምን አወቅሽ?» ትሉኛላችሁ...

ብርነሽ ስትደውል፣ የሻርጃ ጎረቤት አጅማን ከተማ ባለ አንድ ቤት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። የነርስ ዲፕሎማዬን ደብቄ «ከጽዳት ሌላ ሙያ የለኝም» ብዬ የመጣሁት እኔ!

ታሪኳን ስትነግረኝ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁና ማዳሜ ፊት ቆምኩ። «ነርስ ነኝ» አልኳት።

የነርስነት የሥራ ፈቃድ ፈተናውን አልፌ ይኼው ዛሬ የምጽፍላችሁ ከምሠራበት ክሊኒክ ነው። ደስታዬን አልደብቃችሁም!

ጽዳት ክቡር ሥራ ነው፤ አያሳፍርም። የሚያሳንሰን የራሳችንን እውቀት ራሳችን ስንቀብረው ነው።

እናንተስ... ለእንጀራ ብላችሁ የደበቃችሁት ሙያ አለ? ዛሬ ኮሜንት ላይ ሳትፈሩ ስሙን ጥሩት!