የሚጮኸው ምንጣፍ

ከኅዳር እስከ የካቲት በመጦሪያው ሰባት ሰው ሞተ። ጉንፋን ነበር። የምግብ አዳራሹ ተዘጋ፤ ጠያቂ ተከለከለ። ነርሶቹ የምግቡን ሳህን በየደጃፉ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከጓንት በቀር የሰው እጅ ያልነካቸው ሽማግሌዎች ነበሩ።

ሪንስኬ እነዚያን ወራት በሯን ከፍታ፣ ወንበሯን ደፉ ላይ አድርጋ አሳለፈች። ከመተላለፊያው ማዶ ዎቤ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጀልባ ሠሪ እንዲሁ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ሜትር ተራርቀው ጧት ማታ ያወራሉ። በመጋቢት ክልከላው ሲነሣ መተላለፊያውን ማን ቀድሞ እንደተሻገረ ዛሬም ይከራከራሉ።

አሁን የሪንስኬ ልጅ ዳውትዘን ካፖርቷን ሳታወልቅ ክፍሉ መካከል ቆመች። ተደውሎላት ነው የመጣችው። የሰማኒያ አራት ዓመት እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዎቤ ከጎኗ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

“ምን ሆናችሁ ነው?”

“አልጋው ከዳን” አለች እናቷ።

ነርሷ ኢልሴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። “ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ሁለቱን አልጋዎች ያገጣጠምኳቸው እኔ ነኝ። ባለ ጎማ ናቸው፤ የአንዱን ፍሬን ረሳሁት። ንጋት ላይ አልጋዎቹ ተለያዩና እሳቸው በመካከል ወረዱ።”

“ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት” አሉ ዎቤ። “አርባ ዓመት ጀልባ ወደ ውኃ ሳወርድ ኖሬያለሁ።”

ያረፉት ግን ምንጣፉ ላይ ነበር። ሪንስኬ ከአልጋ በወረደች ቁጥር ነርሶቹ ዘንድ የሚጮኽ ምንጣፍ ነው። ሦስት ነርሶች ሮጠው ገቡ። ሁለቱም መለመላቸውን ነበሩ።

“ሦስት!” አለች ሪንስኬ። “ቤት የተቃጠለ ይመስል። መብራቱን ደግሞ ቦግ አደረጉት!”

ዳውትዘን አልሳቀችም። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቷ ዳሌዋ ተሰብሮ ሌሊቱንና ግማሽ ቀን የማድ ቤቷ ወለል ላይ ተኝታ ከቆየች በኋላ ነበር ያገኟት። ምንጣፉን ያስነጠፈችው ዳውትዘን ናት። ፊርማውም የሷ ነው።

“ሐኪም አያቸው?” አለች ኢልሴን።

“አይቷቸዋል። የሁለቱም ልብ ይችላል ብሏል። እኔም ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ወድጄ ነው አሉ። ደማቸውም ተመርምሯል።”

“የምን ደም?”

“የአባላዘር በሽታ በዚህ ዕድሜም ይተላለፋላ!”

“ንጹሕ ነኝ” አለች ሪንስኬ አገጭዋን ቀና አድርጋ። “ወረቀት አለኝ።”

“እኔም አለኝ” አሉ ዎቤ። “ለወንድ ልጄ አሳየሁት። ማየት አልፈለገም።”

ሪንስኬ የልጇን እጅጌ ያዘች። ፊቷ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ። “ዳውትዘን፣ ምንጣፉን አንሺልኝ።”

“ብትወድቂስ?”

“ልወድቅ እችላለሁ።”

“እማዬ!”

“እዚያ ምንጣፍ ላይ እግሬን ባሳረፍኩ ቁጥር ሰው ይመጣብኛል። እሱ ዘንድ ልሂድ ብል ይጮኻል፤ እሱ እኔ ዘንድ ቢመጣ ይጮኻል። በብርዱ ሰባት ሰው ከዚህ ቤት ወጣ። ሰባቱም ምንጣፍ ነበራቸው። አንዳቸውም አልወደቁም።”

ከመስኮቱ በታች፣ ቦዩ ላይ፣ ዳክዬዎች ይጣላሉ።

“እኔ ክፍሌ ልመለስ እችላለሁ” አሉ ዎቤ በቀስታ።

“አንተ ዝም በል።”

“ከአልጋ ስትወርድ እጇን እይዛለሁ” አሏት ዳውትዘንን።

“እርስዎንስ ማን ይይዝዎታል?”

“እሷ ናታ።”

“እንግዲያው አብራችሁ ነው የምትወድቁት!”

“ታዲያስ!” አለች ሪንስኬ። “ብቻዬን ወድቄ አይቼዋለሁ። ምንም አይጥምም።”

ዳውትዘንን ሳቅ አመለጣት። ካፖርቷን ወንበር ላይ ጣለችና ተንበረከከች። ጉልበቷ ምንጣፉን ሲነካው በኢልሴ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ነርሷ ዘጋችው። ዳውትዘን ገመዱን ነቅላ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ፣ በብብቷ ይዛው ወጣች።

ነርሶቹ ዘንድ ሄዳ ምንጣፉ እንዲነሣ ፈረመች። ፈርማም ለአፍታ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆየች። ኢልሴ ሁለት ስኒ ሻይና ሁለት ቁራሽ የስኳር ዳቦ ትሪ ላይ አስቀምጣ ሰጠቻት። “የጧት ሻያቸው ነው፤ አድርሺላቸው።”

ስትመለስ በሩ ተዘግቶ ነበር። እጀታውን ያዘች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንኳኩታ አታውቅም። እዚህ ቤት የሚያንኳኳ የለም፤ መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ እንደምን አደራችሁ ይባላል።

ሃያ ዓመቷ ሳለ ወዳጇ መጀመሪያ ቤታቸው ያደረ ዕለት፣ አባቷ ጧት ከላሞቹ በረት ገብቶ እስከ ምሳ አልወጣም። እናቷ ግን ሁለት ስኒ ሻይ ይዛ ደረጃውን ወጣች። አንኳኳች። ከውስጥ ልብስ ሲፈልጉ፣ ሲንሾካሾኩ፣ ሲጋጩ እየሰማች፣ ግቢ እስክትባል ቆመች። ገብታም ልጁን ስኳር ስንት እንደሚፈልግ ብቻ ጠየቀችው። ዳውትዘን ስለዚያ ጧት አመስግናት አታውቅም።

እጀታውን ለቀቀች። ትሪውን በአንድ ክንዷ ደግፋ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

“ቆይ!” አለች እናቷ ከውስጥ።

“ሸሚዜን አየሽው?” የዎቤ ድምፅ ነው።

“ተቀምጠህበታል።”

“አትቸኩሉ” አለች ዳውትዘን፤ ጀርባዋንም ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። ከስኒዎቹ የሚወጣው እንፋሎት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።