አራቱ ጉድጓዶች

ዳቦው ከጠረጴዛው ማዶ ባይቀመጥ ኖሮ ግሮተ ምንም ባላየ ነበር።

ዞሮ ቁራሹን አነሳና እያኘከ፣ ጠዋት ሲመረምረው የነበረውን ፎቶ ከወዲያኛው በኩል ቁልቁል አየው። ከፖም ዛፎቹ ጀርባ ተደርድረው የነበሩት አራት ጉድጓዶች የሉም። በቦታቸው አራት ጉብታዎች አብጠው ተነስተዋል። ማኘኩን አቆመ።

ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ጥላው ወደ ራስህ እንዲወድቅ አድርገህ አስቀምጠው። አለዚያ ዓይን ይሸወዳል፣ ጉብታው ጉድጓድ ይመስላል። ይህን ሃምሳ አለቃ ግሮተ ራሱ ለአዳዲሶቹ ስንቴ አስተምሯል! ዛሬ ጠዋት ግን የመድፈኛው ሻምበል በስልክ «ቶሎ በል» ሲለው፣ ከካርታው ጋር ለማመሳከር እንዲቀለው ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋው። በዚህ በቤልጅየም፣ በፍላንደርስ ደግሞ የቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ገና ማፍሰሱን ማወቁ ነው።

«በጉድጓድ የተደበቁ አራት ከባድ የእንግሊዝ መድፎች» ብሎ ነበር ያስተላለፈው። ሻምበሉ እዚያው ላይ አነጣጥሮ ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቀ ነው።

መድፍ አይደለም፣ ድንች ነው። ለበረዶው ወራት ተከምሮ ጭድና አፈር የለበሰ ድንች፤ የገዛ አባቱ በየዓመቱ ከቤታቸው ጀርባ የሚከምረው ዓይነት። ከክምሩ አጠገብ ቤት አለ፣ ከቤቱ ጎን በገመድ የተሰጣ ነጭ ነገር አለ። ጠዋትም አይቶት ነበር፣ ልብ ግን አላለውም።

እጁን ወደ ስልኩ ሰደደና መለሰው። ሻምበሉ ምን እንደሚል ያውቃል፤ ሌላ ፎቶ አምጣ ይላል። ዛሬ መብረር የምትችለው አውሮፕላን ደግሞ አንዲት ናት፤ ሁለቱ ሰዎቿ ቢሮ በሆነው የከብት ጋጣ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሾርባ ይጠጣሉ፤ ውጭ በጥይት የተበሳሳ ክንፏ እየተጣፈ ነው። በጀርመን የቅኝት ጓዶች ሁሉ አብራሪው ኤሚል፣ ካሜራ የሚይዘው መኮንን ፍራንትስ ይባላል፤ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም የሚጠራ የለም።

«ምነው ደረቅክ?» አለ ኤሚል። «ዳቦው ውስጥ ሚስማር አገኘህ እንዴ? ሰጋቱራውንስ ለምደነዋል።»

ግሮተ አልሳቀም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ሐሳብ መጣበት። ማን ያውቃል? መድፉ ከተተኮሰ በኋላ ያ ቦታ የእውነት ጉድጓድ ይሆናል፤ የሱም ቃል የእውነት ቃል ይሆናል። ይህን በማሰቡ ራሱን ጠላው።

«ተሳስቻለሁ» አለ ጮክ ብሎ። «ፎቶውን ገልብጬ ነው ያነበብኩት። የድንች ክምር ነው።»

ፍራንትስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ ጌታዬ።»

«ጠዋትም እርግጠኛ ነበርክ።»

ግሮተ ስልኩን አንስቶ ስህተቱን ለሻምበሉ ነገረው። የሻምበሉ ድምፅ ከጋጣው ጥግ ድረስ ይሰማል። «ጠዋት መድፍ፣ አሁን ድንች! ማታ ደግሞ ጎመን ነው ልትለኝ ነው? ትእዛዙ ከላይ ጸድቋል። ዝቅ ተብሎ የተነሳ ፎቶ አምጣ፤ ካላየሁ በዘጠኝ እተኩሳለሁ!»

«ዝቅ ተብሎ» አለ ፍራንትስ ወደ በሩ እያየ። «ፀሐዩ ጠፍቷል፣ ጥላ የለም። ጭዱ እንዲታይ በጎን ማንሳት አለብን፣ ከጣሪያ እምብዛም ሳንርቅ። ድንጋይ የሚወረውር ሁሉ ያገኘናል።»

ኤሚል ብድግ አለ። «አንተ እዚህ ዳቦህን እያኘክ ተሳሳትክ፣ እኔ እዚያ ሄጄ ልሙትልህ? ለድንች? ያውም ለጠላት ድንች! አምና ሚስቴ ለልጆቼ የከብት ቀለብ ነው የቀቀለችላቸው፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እኔ ልሂድ ጌታዬ፣ ካሜራውን መያዝ አያቅተኝም።»

«አንተ ሳትመለስ ብትቀር ማን ያነበዋል?» አለ ፍራንትስ፤ ኮቱን እየቆለፈ ነበር።

ኤሚል ወደ ጠረጴዛው መጣ። አጉሊ መነጽሩን ከግሮተ እጅ መንጭቆ ፎቶው ላይ ተደፋ። «ይህ በገመዱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የተሰጣ ልብስ።»

«ልብስማ አይደለም፣ ሁሉም እኩል እኩል ነው።» ደግሞ አየ። «የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነው። ሦስት ልጅ ያሳደገ ሰው አይስተውም።» መነጽሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ተመልሼ ከመጣሁ ግሮተ፣ ጥርስህን ነው የማረግፈው።»

«አርግፈው» አለ ግሮተ። ከልቡ ነበር። እንባው መጣ፣ አላፈረበትም።

ክንፉ ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ሙጫው ሳይደርቅ ሞተሩ ተነሳ። ጋጣው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድምፁ ራቀ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ሄዱ?» አለ ሻምበሉ። ድምፁ በርዷል።

«ሄዱ ጌታዬ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

ግሮተ ስልኩን በጆሮው እንደያዘ በሰፊው በር በኩል ወደ ውጭ አየ። አውሮፕላኗ ደመናውን እየታከከች ወደ እንግሊዞቹ ወገን አነሰች፣ አነሰች፣ ጠፋች። ሁለት ዓመት ሙሉ አጎንብሶ ምድርን ከላይ ሲያነብ የኖረ ሰው አሁን ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንዲት ነገር እንኳ አልተነበበችለትም።