የእናቷን ዛፍ የገደለው ማነው?

«ገደልሽው! የእናቴን ዛፍ ገደልሽው!»

ዪጁን ጮኸች... ቦርሳዋን እንኳን ከትከሻዋ አላወረደችም።

መስኮቱ ሥር ዛፉ በተተከለበት ሸክላ ዙሪያ ወለሉ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኗል።

በታይዋኗ ታይናን ከተማ ይህን ዛፍ «የዝይ እግር» ይሉታል። ቅጠሎቹ እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ናቸው። መንገድ ዳር አጥር ሆኖ ሲበቅል ማንም ዞሮ አያየውም።

ይሄኛውን ግን ሟች እናቷ ናቸው ሃያ ዓመት ሳሎን ውስጥ ያሳደጉት... ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ።

«እትዬ... ውሃ አላነሰውም» አለች ሱላስትሪ፣ አንገቷን ደፍታ።

ሱላስትሪ ከኢንዶኔዥያ መጥታ የዪጁንን አባት፣ ጻይ የተባሉትን ሽማግሌ፣ ሦስት ዓመት የተንከባከበች ሴት ናት። እሳቸው «ሱሊ» ይሏታል።

«ካላነሰው ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚረግፈው? አኩርፎሽ ነው?»

ሱላስትሪ ጎንበስ ብላ የረገፈውን ቅጠል መልቀም ጀመረች።

ዪጁን ሥራዋ ዋና ከተማዋ ታይፔ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በፈጣኑ ባቡር ትመጣለች። የረገፈውን ቅጠል ታያለች፣ ትቆጣለች፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ሸክላው ላይ ገልብጣ ትመለሳለች።

ዛሬም ባልዲውን ገለበጠች። ከዚያ ሱላስትሪን የላከው ኤጀንሲ ጋ ደወለች።

«ይቺን ሴትዮ ውሰዱልኝ! አንድ ዛፍ መንከባከብ ያቃታት አባቴን ምን ልታደርገው ነው?»

ሽማግሌው ሶፋው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። 

በማግስቱ ሱላስትሪ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ ዞረች።

«እትዬ... አባባ ለዛፉ ውሃ ቅጂልኝ ሲሉ በጆግ እንዳይሰጧቸው...»

«አሁን ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

በሩ ተዘጋ።

አዲስ ሰው እስኪገኝ ዪጁን እረፍት ወስዳ አባቷ ጋ ቀረች። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ ናት... ባትሪ የያዘች ጠና ያለች ሴት። ዝናቡ ሲጀምር በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ስለሚነሳ በጎ ፈቃደኞቹ ውሃ ያቆረ ነገር ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራሉ።

«ባልዲም ሆነ የአበባ ሳህን... ውሃ የተኛበት ነገር ካለ አሳዪኝ ልጄ።»

አሳዪኝ አለች እንጂ ቀጥ ብላ የሄደችው ዛፉ ጋ ነው። ጎንበስ ብላ ከሸክላው ሥር ባለው ሳህን ላይ ባትሪዋን አበራች።

«ውይ ውይ ውይ... ይሄማ የትንኝ መዋለ ሕፃናት ነው!»

ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ጭቃ ሆኖ ወጣ... ሽታውም ከበደ።

«ማነው ይሄን ምስኪን እንዲህ የሚያጠጣው?»

«ጠምቶት እኮ ነው የሚረግፈው» አለች ዪጁን።

«ማን ነገረሽ? ይሄ ዛፍ ጥሙን ይችላል፣ ውሃ ሲበዛበት ነው የማይችለው። አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ ነው የሚጠጣው። ሥሩ እኮ በስብሷል ልጄ... ጠምቶት ሳይሆን ሰጥሞ ነው የሚሞተው።»

ይህን እያለች ሽማግሌው ከወጥ ቤት ወጡ። እጃቸው ላይ ጢም ያለ ጆግ...

«ዛሬ ሳላጠጣው... ሚስቴ ትቆጣኛለች።»

ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

«አባዬ! ጠዋት አጠጣኸው እኮ! በዓይኔ አይቼሃለሁ!»

ሽማግሌው ባሉበት ቆሙ። ጆጉን አዩ፣ ዛፉን አዩ... ፊታቸው ላይ ፍርሃት መጣ። ቀስ ብለው ተጠግተው የልጃቸውን እጅ ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሱሊዬ... እንደገና ረሳሁ አይደል? አደራሽን... ለልጄ እንዳትነግሪብኝ። ካወቀች መጦሪያ ታስገባኛለች።»

ዪጁን ክው አለች።

ትዝ አላት... የአዲስ ዓመት ዋዜማ እራት ላይ፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ፣ እየሳቀች የተናገረችው ነገር።

«አባዬ፣ መርሳት የጀመርክ ዕለት መጦሪያ ነው የማስገባህ፣ እወቀው!»

ሁሉም ስቆ ነበር። ከአባቷ በስተቀር።

ሴትየዋ ሳህኑን ደፍታ እንደወጣች ዪጁን ሱላስትሪ ጋ ደወለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባባ እያለቀሱ ለመኑኝ እትዬ... ምን ላድርግ? በቀን አሥር ጊዜ ውሃ ሲሉኝ በትንሿ የሻይ ስኒ ጠብ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ዛፉም አይጎዳም። በእሱ እኮ እያገገመ ነበር...»

«ታዲያ ምን ገደለው?»



«የእርስዎ ባልዲ ነው እትዬ። እርስዎ ሲሄዱ ሳህኑን እደፋለሁ... አፈሩን ግን በምን ላድርቀው?»

ዪጁን ማልቀስ ጀመረች።

«ተመለሺልኝ... በእናትሽ ተመለሺ።»

«ትናንት ሌላ ቤት ገባሁ እትዬ። እዚህም አልጋ ላይ የዋሉ እማማ አሉ... እሳቸውንስ ጥያቸው ልምጣ?»

ስልኩ ተዘጋ። ሽማግሌው አሁንም እዚያው ቆመዋል።

«ሱሊ... ልጄ መቼ ነው የምትመጣው? ናፈቀችኝ።»

ዪጁን ጆጉን ከእጃቸው ተቀብላ ትንሿን የሻይ ስኒ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባች።

ወዳጆቼ... የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽማግሌው የሚስታቸውን ሞት ረሱ፣ የልጃቸውን መልክ ረሱ... ያቺን የእራት ላይ ቀልድ ግን አልረሷትም።

ሰው እውነቱን የሚደብቀን ሁልጊዜ ሊያታልለን ፈልጎ አይደለም። አንዳንዴ እኛን ፈርቶ ነው። ከመቆጣታችን በፊት ቁጭ ብለን ብንጠይቅ ስንት ነገር በተረፈልን!

እስቲ በእውነት ንገሩኝ... ሱላስትሪ መደበቋ ልክ ነበር ወይስ መናገር ነበረባት? እናንተን ፈርቶ ዝም ያለ ሰውስ ቤታችሁ ውስጥ የለም?